ምዕራፍ ሰባት፦ የተራራው ልጅ በከተማው መድረክ

ካንትሪ ሙዚቃ ለኢትዮጵያ ጆሮ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ዘመን የጎለመሰ ሰው የጂም ሪቭስን ለስላሳ ድምፅ፣ የዶን ዊሊያምስን ረጋ ያለ አዘፋፈን፣ የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊ ፓርተንን ዘፈኖች ያለ አስተዋዋቂ ይለያቸዋል። አስመራ የነበረው ቃኘው የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ለራሱ ወታደሮች የሚያሰራጨው ሬዲዮ የከተማውም ሰው ጆሮ ይገባ ነበር። ከ1962 ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር የመጡት የሰላም ጓዶች ውስጥም ጊታር ይዘው የመጡ ነበሩ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ካሴቱ ተከተለ። ዛሬም በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወርደው መንገድ ላይ ሹፌሩ በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነ ዶን ዊሊያምስን መስማት ብርቅ አይደለም።

ለምን እንዲህ ተስማማን? ከፊሉ መልስ ቅኝቱ ውስጥ ይገኛል። ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ከምሥራቅ አሜሪካ ከአፓላቺያ ተራሮች የወጡት የቆዩ ዜማዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። በመላው ዓለም የሚዘመረው «አሜዚንግ ግሬስ» ከነዚህ አምስቱ አይወጣም። ክራር ተጫዋች ክሩን የሚቃኘው በጆሮው እንጂ በፒያኖ ልክ ስላልሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ግን ይቀራረባሉ። ሌላው መልስ ጉዳዩ ነው፦ ቀዬን ጥሎ መሄድ፣ እናትን ማሰብ፣ ያመለጠ ፍቅር፣ የማይመለስ ጊዜ። ትዝታ ሲሰማ ያደገ ሰው ቃሉ ባይገባው እንኳ የአዘፋፈኑን ስሜት ያውቀዋል።

ከካንትሪ ጎን የበቀለው ብሉግራስ ግን እዚህ ብዙም አልታወቀም። የሰሙት ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ የገበሬ ጥንታዊ ሙዚቃ፣ የካንትሪም አያት ይመስላቸዋል። ብሉግራስ ከካንትሪ በዕድሜ ያንሳል፤ ፈጣሪው በስም፣ መልክ የያዘበት ዘመንም በዓመት ይታወቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ሁለቱን ማዋሃድም ምን እንደሚጠይቅ ለማስረዳት ከአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ሰውየው አሜሪካዊው ዘፋኝና ማንዶሊን ተጫዋች ሪኪ ስካግስ ነው። ይህን ስጽፍ የማስበው በተለይ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በትንሽ ክፍል ስቱዲዮ ከፍተው፣ ኪቦርድና ኮምፒውተር ይዘው የአገራቸውን ዜማ ከዘመናዊው ጋር ለማዋሃድ ሌት ተቀን የሚደክሙትን ወጣቶች ነው። የስካግስ ሥራ የእነሱን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ጠይቆ፣ በድምፅ መልሶታል።

መንገድ ቁጥር 23

በአሜሪካ ያለው ምሥራቅ ኬንታኪ ተራራማ፣ የድንጋይ ከሰል አገር ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሸለቆው ጥልቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከሰል ሥራው ሲቀዘቅዝ ሕዝቡ በመንገድ ቁጥር 23 ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሃዮና ወደ ዲትሮይት ፋብሪካዎች ጎረፈ። ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ ያለው የዚያ መንገድ ክፍል በዳርና ዳሩ በተወለዱት ዘፋኞች ብዛት የተነሳ የካንትሪ ሙዚቃ ጎዳና ተብሎ ተሰይሟል። ሎሬታ ሊን፣ ኪት ዊትሊና ድዋይት ዮካም ከዚያ አካባቢ ናቸው፤ ስካግስም እንዲሁ።

ወላይታን የሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የዳሞታ ተራራ ግርጌ ከአገራችን ገጠሮች ሕዝብ በብዛት ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው፤ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት ከትውልድ ትውልድ እየጠበበ፣ የእንሰቱ ጓሮ እያነሰ መጥቷል። ወጣቱ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ይሄዳል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሊስትሮ ሆነው ከሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ የወላይታ ልጆች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። መስከረም ሲደርስም ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ብሉግራስን የፈጠረው የዚህ ዓይነቱ ሕይወት ነው፤ ተራራው ብቻውን አልወለደውም፣ ከተራራው የወጣ ሰው ናፍቆት ጭምር እንጂ።

የብሉግራስ ፈጣሪ የሚባለውን ቢል ሞንሮን እንመልከት። በ1911 ምዕራብ ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በምትባል መንደር ተወለደ። ከልጆቹ የመጨረሻው ስለነበር ፊድሉንና ጊታሩን ታላላቆቹ ቀድመው ያዙ፤ ለእሱ የተረፈው ማንም ያልፈለገው ማንዶሊን ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ከአጎቱ ከፔንድልተን ቫንዲቨር ጋር ኖረ። አጎቱ የጭፈራ ቤት ፊድል ተጫዋች ነበር፤ ልጁ እየተከተለ ያጅበው ነበር። ሌላው መምህሩ አርኖልድ ሹልትዝ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የከሰል ማዕድን ሠራተኛና ጊታር ተጫዋች ነው፤ ከብሉዝ የወሰደውን የወሰደው ከሱ እንደሆነ ሞንሮ ዕድሜውን ሁሉ ሲናገር ኖሯል። በ1929 ግን ሞንሮ ወንድሞቹን ተከትሎ በቺካጎ አቅራቢያ ባለ የነዳጅ ማጣሪያ በርሜል የሚያነሳና የሚያጥብ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ያ የተራራና የሜዳ ዜማ በልቡ የጠራው እዚያ፣ በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ይመስለኛል።

ካንትሪ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ቢሆንም ገበያ አግኝቶ ነበር። በ1925 ናሽቪል ላይ የተጀመረው የቅዳሜ ምሽት የሬዲዮ ዝግጅት፣ በኋላ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው፣ የገጠሩን ዘፋኝ ወደ ሚሊዮኖች ቤት አስገብቷል። በ1927 ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ ኩባንያ ሰው መቅረጫውን ይዞ ብሪስቶል በተባለች የድንበር ከተማ ተቀመጠ፤ የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ካንትሪ በየዘመኑ የገበያውን ልብስ እየለወጠ ሄደ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ስቲል ጊታር፣ ድራም፣ ቫዮሊኖች በጅምላ። ሞንሮ በ1939 ኦፕሪ መድረክ ላይ የወጣው የራሱን ቡድን ይዞ ነበር። የቡድኑ ስም ብሉ ግራስ ቦይስ ነው፤ የሙዚቃው ዓይነት ስም ከዚያ መጣ።

አንድ ማይክሮፎን፣ አምስት ሰው

ሙሉው መልክ የተገኘው በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክረግስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ባንጆውን ይዞ ቡድኑን ሲቀላቀል ነው። ባንጆ ከአፍሪካ የሄደ መሣሪያ ነው። በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ከቅልና ከቆዳ የሠሯቸው የክር መሣሪያዎች ዘር ነው፤ በሴኔጋልና በጋምቢያ ጆላ በተባለው ሕዝብ ዘንድ ያለው አኮንቲንግ ዛሬም እንደ ባንጆ በአውራ ጣት የሚነካ አጭር ክር አለው። ስክረግስ በአውራ ጣቱ፣ በአመልካች ጣቱና በመሃል ጣቱ እየተፈራረቀ ክሮቹን ሳያቋርጥ ሲያርገበግብ ዜማው ከፈጣኑ የድምፅ ጎርፍ መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል። አብዛኛው የኦፕሪ አድማጭ እንዲህ ያለ ባንጆ ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር።

አሠራሩን ልብ እንበል፤ የዚህ ምዕራፍ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። መሣሪያዎቹ አምስት ናቸው፦ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ፊድል፣ ጊታር፣ ኮንትራባስ። ኤሌክትሪክ የለም፣ ድራምም የለም። ታዲያ ምቱን ማን ይይዛል? ኮንትራባሱ ምቱ ሲወድቅ ይመታል። ማንዶሊኑ ደግሞ ምቱ ሲነሳ ክሮቹን በአንድ ጊዜ መትቶ ወዲያው ያፍናቸዋል፤ «ጨክ» የምትል ደረቅ ድምፅ ትወጣለች። ከበሮው እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ባንጆው ያለ ዕረፍት ይፈስሳል፣ ጊታሩ ሜዳውን ይሞላል። ከዚያ ተራ በተራ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ብቻውን ይጫወታል፤ የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጅቡታል። በመድረክ ላይ የነበረው ማይክሮፎን አንድ ስለነበር ዘፋኙም ተጫዋቹም ሲደርሰው ይጠጋል፣ ሲጨርስ ይሸሻል። ያ መጠጋትና መሸሽ ራሱ የሙዚቃው ቅንብር አካል ሆነ።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሞንሮ ከተለመደው የወንድ ድምፅ ከፍ ያለ፣ የሚሰነጥቅ፣ ብቸኝነት ያለበት አዘፋፈን አመጣ። በዝማሬው ክፍል ሦስት ድምፅ ይደራረባል፤ ዋናው ከመሃል፣ ከላዩ ቀጭኑ፣ ከታች ወፍራሙ። አራተኛ ሲጨመር መንፈሳዊ መዝሙር ይሆናል፤ መንፈሳዊ መዝሙር የማይዘምር የብሉግራስ ቡድን ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ልማድ ነው። በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች በሚገኙ አንዳንድ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ መሪው አንዲቱን ስንኝ ፈጥኖ ያወጣል፣ ጉባኤው ያለ መሣሪያ ቀስ አድርጎ፣ ድምፁን እየጎተተ ይቀበለዋል። ልማዱ የመጣው መጽሐፍ ለሁሉ በማይዳረስበትና ማንበብ የሚችለው ጥቂት በሆነበት ዘመን ነው።

ማንዶሊኑ የልጁ አንገት ላይ

ሪኪ ስካግስ ሐምሌ 18 ቀን 1954 ኬንታኪ፣ ሎረንስ አውራጃ፣ ኮርዴል በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ሆበርት በያጅነት የሚተዳደር፣ ሥራ ፍለጋ ከቤት የሚርቅ፣ ጊታር የሚጫወትና የሚዘፍን ሰው ነበር፤ እናቱ ዶሮቲም ዘፋኝ ነበረች። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ማንዶሊን ሰጠው፤ ሦስት ኮርድ አሳይቶት ወደ ሥራው ሄደ። ሲመለስ ልጁ እየዘፈነ ኮርዶቹን በቦታቸው ሲቀያይራቸው አገኘው።

በቀጣዩ ዓመት ቢል ሞንሮ በአቅራቢያው ማርታ በተባለች መንደር ሙዚቃ ሊያቀርብ መጣ። የመንደሩ ሰው «ትንሹ ሪኪ ስካግስ ይዝፈን» ብሎ ደጋግሞ ጮኸ። ሞንሮ ቆፍጣና፣ ዝምተኛ፣ ሰዎች የሚፈሩት ሰው ነበር። ግን ልጁን አንስቶ መድረክ ላይ አቆመው፣ የራሱን ማንዶሊን ከአንገቱ አውልቆ ማንገቻውን አሳጠረና በልጁ አንገት ላይ አንጠለጠለው። ያ ማንዶሊን ተራ ዕቃ አልነበረም፤ ሎይድ ሎር የተባለው መሐንዲስ ለጊብሰን ኩባንያ የሠራው፣ ውስጡ ሐምሌ 9 ቀን 1923 የሚል ፊርማ ያለበት፣ በብሉግራስ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ የተከበረው መሣሪያ ነው። ልጁ አንድ ዘፈን ዘፍኖ ወረደ። በሰባት ዓመቱ ደግሞ በጊታር ተጫዋቹ በሌስተር ፍላትና በባንጆ ተጫዋቹ በኧርል ስክረግስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ።

ይህን ታሪክ የምወደው በልጁ ተአምር ብቻ አይደለም። ሞንሮ ሊከለክል ይችል ነበር። የአንድ ወግ ባለቤት መሣሪያውን ለስድስት ዓመት ልጅ ሲያስይዝ፣ ልጁ ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ ከማን እንደተቀበለ አይረሳም።

ቀጥሎ የመጣው ረጅም የትምህርት ዘመን ነው፤ ከስካግስ ታሪክ ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። በጉርምስናው ከጓደኛው ከኪት ዊትሊ ጋር የብሉግራስ ዘፋኞቹን የስታንሊ ወንድማማቾችን ዘፈን ድምፅ በድምፅ አጠና። አንድ ምሽት ከወንድማማቾቹ አንዱ ራልፍ ስታንሊ መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ወደ መድረኩ ዘግይቶ ሲደርስ ሁለት ልጆች ሕዝቡን ይዘው የራሱን ዘፈኖች ሲዘፍኑ አገኛቸው፤ በ1971 ቡድኑ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ስካግስ ዋሽንግተን አካባቢ ካንትሪ ጄንትልመን ከተባለው ቡድን ጋር ሠራ፤ መካከል ላይ ሙዚቃውን ትቶ በኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ የቦይለር ክፍል ተቀጥሮ ነበር። በ1975 ከባንጆ ተጫዋቹ ጄ. ዲ. ክሮው፣ ከጊታር ተጫዋቹ ቶኒ ራይስና ከጄሪ ዳግላስ ጋር የተቀዳው አልበም የዘመናዊ ብሉግራስ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። ሽፋኑ ላይ ያለው የአሳታሚው ቁጥር 0044 ስለነበር አድናቂዎች እስከ ዛሬ በቁጥሩ ይጠሩታል።

ወደ ካንትሪ የተሻገረው በኤሚሉ ሃሪስ በኩል ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ የሃሪስ ቡድን ውስጥ ገብቶ ጊታር፣ ፊድልና ማንዶሊን ሲጫወት የኤሌክትሪክ ቡድን እንዴት እንደሚተነፍስ ተማረ፤ ለእሷም በተራው የተራራውን አዘፋፈን አስተማረ። በ1980 የወጣው «ሮዝስ ኢን ዘ ስኖው» የሁለቱ ፍሬ ነው። አንዲት የታወቀች የካንትሪ ዘፋኝ ጊዜው ወደ ፖፕ በሚያዘነብልበት ወቅት ብሉግራስ አልበም አወጣች፣ ገበያውም ተቀበላት።

ምን ቀየረ፣ ምን አልቀየረም?

በ1981 ስካግስ ኤፒክ ከተባለው ትልቅ አሳታሚ ጋር ተዋውሎ የመጀመሪያውን ታላቅ አልበሙን አወጣ። ከአልበሙ ሁለት ዘፈኖች በ1982 የካንትሪ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጡ። ከሁለቱ አንዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ፍላትና ስክረግስ የተጫወቱት ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ኦፕሪ አባል አደረገው፤ በጊዜው ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። በ1984 ሞንሮ ለአጎቱ መታሰቢያ የጻፈውን «አንክል ፔን» ዘፍኖ ቁጥር አንድ አደረሰው። በ1985 የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ታላቅ አቅራቢ ብሎ ሸለመው።

ታዲያ እንዴት አዋሃዳቸው? ሁለቱን «አንክል ፔን» ጎን ለጎን ማድመጥ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። በስካግስ ቅንብር ድራም ገብቷል፤ ኤሌክትሪክ ባስና ስቲል ጊታር አለ። ድራሙ ግን ቀላል ነው፤ ማንዶሊኑ ሲመታበት በኖረው የምት ቦታ ላይ ብቻ ይመታል። ሌላ ዘፈን ላይ የሚሠራ የካንትሪ ድራም አምጥቶ ከላይ አልጫነበትም። ፊድሉና ባንጆው ብቻቸውን የሚወጡበት ተራ አልተነካም። ሦስቱ ድምፆች እንደ ድሮው ተደራርበዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ለስላሳ ለማድረግ ሲባል ወደ ታች አልወረደም። ፍጥነቱም አልቀነሰም። ከተማው የሚፈልገውን አካል ሰጥቶ የተራራውን አጥንት አስቀረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦፕሪ ራሱ ድራምን ለረጅም ጊዜ ይጠላ ነበር፤ በ1944 ሙዚቀኛው ቦብ ዊልስ ድራም ተጫዋቹን ይዞ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ እንዲቀመጥ ተጠይቆ እንደነበር ይነገራል። ወግ አጥባቂ መሆን ብቻውን ሙዚቃን አያድንም። ስካግስ ድራሙን ከመጋረጃው አወጣው፣ ግን የት እንደሚመታ ነገረው። ይህን ማድረግ የቻለው ማንዶሊኑ ለምን እዚያ ቦታ እንደሚመታ በእጁ ስለሚያውቅ ነው። ከውጭ የመጣ አቀናባሪ «ጨክ» የምትለውን ድምፅ እንደ ጌጥ ቆጥሮ ይጥላት ነበር፤ ዘፈኑም ይወድቅ ነበር።

«ካንትሪ ቦይ» የተባለው ዘፈኑ ከ1985 ቪዲዮው ጋር መነሳት ያለበት ነው። ታሪኩ ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ በምድር ለምድር ባቡሩ ውስጥ የሚጨፍር ሽማግሌ ይታያል፣ ቢል ሞንሮ ነው። ያ ኮስታራ ሰው በ70ዎቹ ዕድሜው በስካግስ ዘፈን ቪዲዮ ላይ መጨፈሩ ለእኔ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። በዚያው ዓመት የሞንሮን ማንዶሊን ቤቱ የገባ ሰው በብረት ሰባበረው። የጊብሰን ባለሙያ ስንጥሩን ለቅሞ መልሶ ሠራው፤ ሞንሮም እስኪሞት ድረስ ተጫወተበት።

በ1990ዎቹ የካንትሪ ገበያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደና ስካግስን ከሬዲዮ ገፋው። 1996 ከባድ ዓመት ሆነበት፤ አባቱ ሞተ፣ መስከረም 9 ቀን ሞንሮም አረፈ። ሞንሮን በሕመም አልጋው ላይ ሲጎበኘው ሙዚቃውን እንደማይተወው ቃል ገብቶለት ነበር። በ1997 የራሱን አሳታሚ ኩባንያ አቋቁሞ ኬንታኪ ተንደር ከተባለው ቡድኑ ጋር ያለ ድራም፣ ያለ ኤሌክትሪክ ብሉግራስ አልበም አወጣ፤ ግራሚ አገኘበት። በ2018 በአንድ ዓመት ውስጥ የካንትሪም የብሉግራስም የክብር አዳራሽ ስሙን መዘገቡ የሁለቱም ልጅ መሆኑን የሚመሰክር ነው።

ከዳሞታ ግርጌ

አሁን ወደ ሶዶ ልመለስ። ወላይታ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚነጻጸር የራሱ የዜማ ታሪክ አለው። በ1928 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ዶክተር ቶማስ ላምቢን ይዘው ደቡብ ደረሱ፤ ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ጣቢያና ሆስፒታል ተከሉ። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ያገኙት ጉባኤ ወደ አሥር ሺህ የሚገመት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ሚሲዮናውያኑ በሌሉበት፣ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት፣ እስርና ግርፋት ባለበት ዘመን ነው። ቃሉ የተሻገረው በአብዛኛው በአፍ ነበር፣ በመዝሙርም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ያ ዓይነት አዘማመር ከሚሽኑ የመዝሙር መጽሐፍ አልመጣም፤ በእርሻው፣ በለቅሶው፣ በሠርጉና በጊፋታው የነበረ የወላይታ ልማድ ነው። ኬንታኪ ተራራ ላይ መሪው ስንኝ እያወጣ ጉባኤው የሚቀበልበት ምክንያት ኦቶና አካባቢም ነበር። ከዚያ ወዲያ ኬንታኪ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዝማሬ ወደ ሞንሮና ወደ ስታንሊ መድረክ ወጣ፤ ሶዶ ላይ በአብዛኛው በጉባኤው ውስጥ ቀረ።

ወደ ዓለማዊው መድረክ የወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ምቱ። የወላይታ ምትና የወገብ ጭፈራ በአዲስ አበባ ዘፋኞች አልበም ውስጥ ከተለመደ ቆይቷል፤ በየሠርጉ ሲከፈት የማይነሳ የለም። ይህ ደስ ይላል። ሆኖም አብዛኛው ቅንብር ምቱን ብቻ ወስዶ ሌላውን ትቶታል። በኪቦርድ የተዘጋጀ ምት ይከፈታል፣ አንድ ዘፋኝ በላዩ ይዘፍናል፤ ተቀባዮቹን ደግሞ ራሱ ዘፋኙ ድምፁን ደጋግሞ ቀድቶ ይተካቸዋል። በአውጪና በተቀባይ መካከል ያለው ክርክር፣ ተቀባዩ በራሱ ፍላጎት የሚያጋፋው፣ አውጪው የሚያመልጠው ነገር ይጠፋል። በደቡብ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ወግ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ይዞ በመቀባበል ዜማ የሚሠራበት ነው፤ ያንን አንድ ኪቦርድ ተጫዋች በአሥር ጣቱ ሲሸፍነው ድምፁ ይኖራል፣ መቀባበሉ ግን የለም። ስካግስ ድራሙን ጨምሮ ሦስቱን ድምፅና ተራውን እንዳልነካ ሁሉ፣ የወላይታ አቀናባሪ ምን ቢጨምር ችግር እንደሌለው፣ ምን ቢያጎድል ዘፈኑ የማን እንደሆነ እንደማይታወቅ አስቀድሞ መለየት አለበት።

በአገራችን ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዘው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረው ሙላቱ ኢትዮ ጃዝን ሲያበጅ መነሻው የራሱ ቅኝት ነበር። ከዚያም በኋላ ወደ ደቡብ ሄዶ የደራሼ ሕዝብ በዋሽንት የሚጫወተውን የድምፅ ቅደም ተከተል አዳምጦ፣ የዓለም ጃዝ ሊቃውንት የሚኮሩበት ቅኝት እዚያ ከእነሱ በፊት እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ሙላቱ ትምህርቱን ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ መጣ፣ ስካግስ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ወጣ። ሶዶ ላለ ወጣት የስካግስ መንገድ ይቀርበዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መምህራኑ ገና በሕይወት አሉ፣ ከስቱዲዮው በእግር መንገድ ርቀት ላይ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጊፋታ ሲደርስ ተቀባዮቹን በቡድናቸው ወደ ስቱዲዮ ማምጣት፣ በየግላቸው ጆሮ ማዳመጫ ከማልበስ ይልቅ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው እንዲቆሙ መተው፣ በመካከላቸው አንድ ጥሩ ማይክሮፎን ማቆም፣ መጠጋቱንና መሸሹን ለእነሱ መተው። ድራሙና ባሱ ቀረጻው ካለቀ በኋላ፣ እነሱ ያቆሙትን ምት እየተከተሉ ይገባሉ፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፣ ሲገለበጥ ተቀባዩ የማሽን ባሪያ ይሆናል። ሁለተኛው ነገር የስምና የገንዘብ ነው። ስካግስ «አንክል ፔን»ን ቁጥር አንድ ሲያደርስ ደራሲው ቢል ሞንሮ ተብሎ ተጽፏል፤ የሮያሊቲ ክፍያውም ለደራሲው ነው። በእኛ አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የከዋኞችን መብት ያውቃል። ከገጠር መጥተው ድምፃቸውን የሰጡ አውጪና ተቀባዮች ስማቸው በአልበሙ ሽፋን ላይ መጻፍ፣ ውላቸው በሚገባቸው ቋንቋ ተነቦላቸው መፈረም፣ ከገቢውም ድርሻቸው በቁጥር መቀመጥ ይገባዋል። ይህ ቀረጻው ሳይጀመር ማለቅ ያለበት ጉዳይ ነው።